ገበሬ ቤት ማደር፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ስንብቱ

ገጠር ገበሬ ቤት ሊያድር የተነሣ ከተሜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ቁንጫና ስለ ሽንት ቤት ነው። ለሁለቱም መላ አለ፤ ከታች ይመጣል። ብዙ እንግዳ ልብ የማይለው ግን ሌላ ነው፦ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚሞቀው እሳት፣ የሚበላው እንጀራ በሙሉ የአንዲት ሴት ጉልበት መሆኑን። «ግቡ፣ ቤት የእግዜር» የሚለው አባወራው ነው፤ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ዳገት የምትወጣው፣ ሊጥ የምታቦካው፣ በጭስ ዓይኗ የሚቀላው እማወራዋ ናት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ለእሷ እንዳትከብዱ የሚረዳ ነው።

በዋናነት የታሰበው የሰሜኑ ደጋ የገበሬ ቤት ነው፦ መንዝ፣ መቄት፣ ላስታ፣ ጎጃም፣ የሰሜን ተራሮች ዙሪያ። የወሎ ሙስሊም ቤትና የዶርዜ ቤት የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ ይጠቀሳል።

ማን ቤት?

ከሁሉ የሚሻለው የሚያውቃችሁን ሰው የሚያውቅ ቤት ነው። ከተማ የሚሠራ የመንደሩ ልጅ፣ እዚያ ያስተማረ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የደብሩ አለቃ፤ ከእነዚህ አንዱ «የእኔ ሰዎች ናቸው» ብሎ ከደወለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ይህ ሰው በመንደሩ ዓይን ዋሳችሁ ነው። የምታጠፉት ጥፋት እሱ ላይ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ስንት ቀን እንደምትቆዩ ሳትደብቁ ንገሩት።

ሰው ከሌላችሁ በማኅበረሰብ ከሚተዳደሩ ማረፊያዎች ጀምሩ። በሰሜን ወሎ፣ መቄትና ላስታ ውስጥ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተዋል፤ መንገድ መሪው፣ ጭነት የምትሸከመው አህያ፣ ምግብ የምታበስለው ሁሉ ከዚያው ነው። መንዝ ጓሳም ማረፊያ አለ፤ ሣሩን በተራና በደንብ የመጠበቅ የአካባቢው ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ ይነገራል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱን አትናቁት። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ ያለው አውራምባ፣ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም የተመሠረተው፣ የራሱ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ እዚያ ወንድ ሲጋግር፣ ሴት ስታርስ ብታዩ ደንቡ ነውና አፍ አትክፈቱ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት ላይ ያሉት የዶርዜ ሰዎችም በቀርከሃ ቤታቸው ግቢ እንግዳ ማሳደር ከለመዱ ቆይተዋል። የትኛውንም ስትመርጡ አሁን ሥራ ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትነሡ።

ሦስተኛው መንገድ ሳይነግሩ መድረስ ነው። የመሸበት መንገደኛ አይመለስም፣ ልማዱ አሁንም አለ። ልማዱ ያለው ግን ለመሸበት ሰው ነው እንጂ አስቦበት፣ ሆቴል ላለመክፈል ብሎ ለሚመጣ አይደለም። ገበሬውም ልዩነቱን ያውቃል።

ስለ ጸጥታ አንድ ነገር፦ ከሳምንት በፊት የሰማችሁት ወሬ አይሠራም። በተነሣችሁበት ቀን ጠዋት በዚያው መስመር ለሚመላለስ ሾፌር ወይም እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። ስልክ ጭራሽ የማይሠራ ከሆነ ያው መልስ ነውና ጉዞውን አዘግዩት። መታወቂያ ያዙ፤ ስትደርሱም አስተናጋጃችሁ ለቀበሌው ሊቀመንበር እንዲያሳውቅ አድርጉ። እንግዳ ደብቆ አሳደረ የሚባለው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እሱ ነው።

ቀን መቁጠር

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ጭቃው ደርቋል፣ እህሉ እየገባ ነው፣ ጎተራው አልጎደለም። ሐምሌና ነሐሴ በተቃራኒው አሮጌው እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱ ገና በማሳ ያለበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የመጣ እንግዳ የሚበላው የቤተሰቡን የመጨረሻ ቁና ሊሆን ይችላል፤ ማንም ደፍሮ አይነግራችሁም።

ከወሩ ቀጥሎ ቀኑን ምረጡ። በኦርቶዶክስ አካባቢ ወርኃዊ በዓላት ከባድ ናቸው፤ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ባለወልድ በ29 ቀንበር አይጠመድም። ሌሎቹ እንደየአጥቢያው ታቦት ይለያያሉ። እነዚያን ቀኖች ከያዛችሁ ሰው ቤቱ አለ፣ ማኅበር ወይም ዝክር ካለ ደግሞ መንደሩን በአንድ ቀን ታውቁታላችሁ። በሥራ ቀን ከሄዳችሁ ግን ቤቱ የሚጠብቃችሁ ባዶውን ነው።

አሁን ለማንም የማይነገር ብልሃት፦ የምትገቡበትን ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ አድርጉት። የጾም ቀን ነውና ዶሮም በግም አይታረድም። እንግዳ መጣ ብሎ ገበሬ የሚያርዳት ዶሮ ዕንቁላል ጣይ ናት፣ በጉ ደግሞ የማዳበሪያ መግዣ። በሽሮና በጎመን ከተቀበሏችሁ በኋላ በማግስቱ «እንግዳ ነን» የሚለው ነገር ይበርዳል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ይህ ብልሃት አይሠራም። በሁዳዴ ከሄዳችሁ አጥባቂው ቤት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ቆሎ ያዙ፣ ግን ጿሚ ፊት አትቆርጥሙ። በረመዳንም ሙስሊም ቤት እንዲሁ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከማፍጠሪያው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ስልኩ መቼ ይደወል?

ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በተለይም ከገበያው ቀን በፊት። ምክንያቱ ሊጥ ነው። ጤፉ ተቦክቶ እስኪኮመጥጥ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ድንገት ከደረሳችሁ እማወራዋ ከጎረቤት እንጀራ ትበደራለች፣ ያንን ደግሞ በሰፌድ ቆጥራ ትመልሳለች። ሽንኩርትና ዘይትም የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው። እናም አካሄዱ ይህ ነው፦

1. የአካባቢው ገበያ የትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቁ።
2. ከገበያው ቀን በፊት ባለው ምሽት፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደውሉ። ቀን ላይ ገበሬው ማሳ ነው፤ ኔትወርክም በብዙ መንደር የሚገኘው ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው።
3. ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ወንድና ሴቱን ለይታችሁ ተናገሩ። አንድ ቤት ከሦስት ሰው በላይ አይጫን።
4. ስንት ሌሊት እንደሆነ ቁረጡ። ሁለት ጥሩ ነው፣ ሦስት ይበቃል።
5. «ምንጣፍና መደረቢያ ይዘናል፣ መደብ ላይ ነው የምንተኛው» በሉ። ይህን በስልክ ያልተናገረ ሰው ምሽት ላይ የአባወራውን አልጋ ይረከባል፣ ባልና ሚስቱ መሬት ይተኛሉ፤ በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ስድብ ይሆናል።
6. «እንዳታርዱ» በሉ። አይሰሟችሁም፤ ቢሆንም በሉ።

መንገዱን ስትጠይቁ በኪሎ ሜትር አትጠይቁ፣ «ቅርብ ነው፣ እዚች ማዶ» የሚለውንም አትመኑ። «ከመኪናው ወርጄ በስንት ሰዓት እደርሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በተነገራችሁ ላይ ግማሹን ጨምሩ። ሁለት ሰዓት ካለ ሦስት ያዙ። የገበሬ እግርና የእናንተ እግር አንድ አይደለም፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ትንፋሹም አንድ አይደለም።

የሚያዝ ዕቃ

ለቤቱ፦ ጥሬ ቡና 1 ኪሎ፣ ስኳር 2 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ የልብስ ሳሙና አራት አምስት፣ ሻይ ቅጠል። ቡናው የታጠበ፣ የተለቀመ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ዕቃ ስትገቡ ለእማወራዋ ይሰጣል እንጂ ለአባወራው ወይም ስትወጡ አይደለም፤ ቡናው የዚያኑ ምሽት ለእናንተው ይፈላበታልና። ብስኩትና ከረሜላ ይቅር። ልጆቹን መንገድ ዳር ቆመው እጅ የሚዘረጉ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ማምጣት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ያስረክብ።

ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የወላጆቻችሁን መንደር ለማየት የምትመጡ ልብሱን በሻንጣ ሞልታችሁ ግቢ ውስጥ አትክፈቱ። ለአንዷ አክስት ጃኬት ለሌላዋ ሻርፕ ሲደርስ የሚነሣው ቅሬታ እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላ ዓመት ይቆያል። ሁሉንም ለአንዲት ታላቅ ሴት አስረክቡና እሷ እንዳሻት ታድል፤ ማን ምን እንደጎደለውም ከእናንተ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።

ለራሳችሁ፦

— ስሊፒንግ ባግ ወይም ሁለት ወፍራም ጋቢ፣ ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅ።
— ከአንሶላ የተሰፋ ከረጢት። 2 ሜትር ከ20 ርዝመት ያለውን አንሶላ በቁመቱ ለሁለት አጥፉ፣ ግርጌውንና ጎኑን ስፉ። ቁንጫ የሚገባው በክፍተት ነው፤ ከረጢቱ ክፍተቱን ይዘጋል።
— ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ። ብዙ ቤት ትንሽ ሶላር አለ፣ እሱ ግን ለቤቱ መብራትና ለአባወራው ስልክ ነው።
— 1 ሊትር የሚይዝ ፔርሙስ። ጥቅሙ ወደ ታች ይመጣል።
— ሶፍት፣ ሳሙና፣ ውሃ አጋር ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ፣ ኦአርኤስ (በተቅማጥ ጊዜ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት) ሦስት አራት ከረጢት።
— ቆላ ከሆነ አጎበር። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ አለ ብላችሁ ያዙ።
— ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፤ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶ ቤትም ሱሪ አያስገባም።
— በ50 እና በ100 የተመነዘረ ብር። መንደር ውስጥ 200 ብር የሚመነዝር አይገኝም።

ደጃፉ ላይ

ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከብቱ ገና አልገባም፣ ወጡ ገና አልተጣደም፣ ሽንት ቤቱን በብርሃን ታዩታላችሁ፣ ውሻውም በቀን ያየውን ሰው በሌሊት ያን ያህል አይጠላም።

ውሻ የገጠር ትልቁ አደጋ ነው፣ ከጅብም በላይ። ከአጥር ውጭ ቁሙና «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩ። ሰው ወጥቶ ውሻውን ሳይዝ አንድ እርምጃ አትግቡ። ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሡ ምሰሉ፣ ድንጋይ ባይኖርም ምልክቱን ያውቀዋል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን የእብድ ውሻ ክትባት ያለበት ሆስፒታል ሂዱ። መድረሳችሁ ሳይሆን ክትባቱ መኖሩ ነው ቁም ነገሩ፣ ስለዚህ እየተጓዛችሁ ደውላችሁ አጣሩ። «ውሻው ጤነኛ ነው፣ እኛው የምናውቀው ነው» በሚል ቃል አትዘናጉ።

ከዚያ ሰላምታ ነው፣ ሰላምታም ጊዜ ይወስዳል። «እንደምን ዋላችሁ? ልጆቹ ደኅና? ከብቱ ደኅና? አዝመራው እንዴት ነው?» ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመለሳል፤ ሙስሊም ቤት «አሰላሙ አለይኩም» ብላችሁ ጀምሩ፣ ጫማችሁንም በር ላይ አውልቁ። በዕድሜ የሚበልጣችሁን «አንቱ» በሉ፤ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «አያ» እንደ አገሩ ይሠራሉ። በከተማ ልማድ «አንቺ» የተባለች የ60 ዓመት ሴት ፊቷ አይለወጥም፣ ግን ተመዝግቧል። ቄስ ካለ «ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል መሳለም ነው። የሌላ ሃይማኖት ሰው ከሆናችሁ ራስ ዝቅ አድርጎ እጅ መንሣት ይበቃል።

ከተቀመጣችሁ በኋላ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይመጣና እግራችሁን ልናጥብ ይሏችኋል። ሳህኑን ተቀበሉና «ራሴ ልታጠብ» በሉ። ውሃውን መመለስ አይቻልም፤ የፈሰሰ ጉልበት ነው።

ማዕድ

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው ትሪው ዙሪያ ነው።

እጅ ታጥባችሁ ትሪው ይቀርባል። አባወራው ወይም ቄሱ ሳይባርክ አትቁረሱ። የሚበላው በቀኝ እጅ፣ ከፊታችሁ ካለው ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበሉት እንግዳውና አባወራው ናቸው። እማወራዋና ልጆቹ ምድጃው ጋ ናቸው፤ በኋላ ትሪው ወደ እነሱ ይሄዳል። ይህን ያላወቀ እንግዳ አስተናጋጁን ደስ ያሰኘ መስሎት ጥርግ አድርጎ ይበላል፤ ልጆቹ በጓዳው ጥግ ሆነው እጁን ከትሪው ወደ አፉ በዓይናቸው ሲከተሉ አያይም። ከቀረበው እንጀራ ሢሶ ያህሉ፣ ከወጡም መሃል ላይ ያለው ክምር፣ በተለይ ሥጋ ወይም ዕንቁላል ካለ፣ መትረፍ አለበት። «እሷም አብራን ትብላ» ማለትም ይቻላል፤ አንዳንድ ቤት ደስ ይላቸዋል፣ አንዳንዱ ቤት እሷኑ ያሳፍራታል። አንድ ጊዜ በሉ፣ ካልመጣች አትድገሙ።

ጉርሻ ይመጣል። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ጠግባችሁም «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ ይገፋላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ቀስ ብላችሁ ብሉ፤ የማያቋርጥ ነገር ግን ትንሽ ትንሽ መቁረስ ከሁሉ ይሻላል። ቶሎ በልቶ የተቀመጠ ሰው የተራበ ነው ተብሎ ይታዘንለታል፣ ይጨመርለታል።

ጠላ ሲቀርብ ቀጂዋ አስቀድማ ራሷ ትቀምሳለች፣ የቆየ ሥርዓት ነው። ብርጭቆው በጎደለ ቁጥር ይሞላል። መጠጣት ያልፈለገ ሰው «በቃኝ» ሲል አይሰማም፣ የሞላ ብርጭቆ ፊቱ ካለ ግን ማንም አያስቸግረውም፤ ተቀበሉና ሳትጎነጩ አቆዩት። ጠላ የሚጠመቅበት ውሃ ብዙውን ጊዜ ስላልፈላ ለከተሜ ሆድ በመጀመሪያው ቀን አይመከርም። አረቄ ሌላ ነው፣ ሆድ አያውክም፣ ግን ዳገም (ሁለት ጊዜ የወጣው) ከሆነ ሁለት መለኪያ መደብ ላይ ያስቀራችኋል።

ጥሬ ወተትና ትኩስ እርጎ አሳምረው ያቀርባሉ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ የሚመጣው በዚሁ ነውና «አፍልታችሁ ስጡን» በሉ። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል፣ ይህን ለአበሻ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፣ ማንም እንደማይሰማም ይታወቃል።

አንድ ቁርጥ ያለ ነገር፦ ክርስቲያን የእስላም እርድ፣ ሙስሊም የክርስቲያን እርድ አይበላም። የሃይማኖታችሁ ነገር ካልታወቀ እማወራዋ ምን ልታቀርብ እንደምትችል አታውቅም፤ በስልኩ ጊዜ ንገሯቸው። ወሎ ውስጥ ቅልቅል መንደር ከሆነ አስተናጋጆቹ ራሳቸው ከጎረቤት አሳርደው ያመጣሉ፣ የለመዱት ነው።

ቡናው ሦስት ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በአቦል ብድግ ማለት ነውር ነው፣ በቶናም ቅር ያሰኛል። ጨው ያለበት ቡና ቢገጥማችሁ ስኳር አትጠይቁ፤ ወይ አምጡ፣ ወይ ጠጡ። ወሎ ከሆነ ጫትና ዱዓ ሊከተል ይችላል። ሳይቅሙ መቀመጥ ይቻላል፣ ዱዓ ሲደረግ ግን መዳፍ ዘርግታችሁ «አሚን» በሉ። ዶርዜ ከሆናችሁ የሚቀርበው ከእንሰት የተጋገረ ቆጮ ነው፤ በዳጣም በማርም ይበላል።

ውሃና እንጨት

20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ በጀርባ። ከተማ ቤት አንድ ሰው ሻወር ሲወስድ ሦስት አራት ጀሪካን ያፈሳል። እዚህ 2 ሊትር በጆግ ቀድታችሁ ፊት፣ ብብት፣ እግር ይበቃል፤ ሙሉ ገላ መታጠብ ካስፈለገ ምንጩ ጋ ወርዳችሁ፣ ከመቅጃው በታች ባለው በኩል። ቆላና ወይና ደጋ ላይ ግን ዝግ ብሎ በሚፈስ ወንዝና ሐይቅ ዳር አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ጣናም ቢሆን።

ማለዳ ልጆቹ ወደ ምንጭ ሲወርዱ 10 ሊትር ጀሪካን ይዛችሁ ተከተሉ። ወንድ እንግዳ ውሃ አዝሎ ሲመጣ መንደሩ ይስቃል። ይሳቅ። አህያ ካለ አህያዋን ንዱ።

የመጠጥ ውሃ እንዲህ ይዘጋጃል፦ ማታ ወጡ ከወረደ በኋላ፣ እሳቱ ገና ሳይጠፋ፣ አንድ ማሰሮ ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ አስፈልታችሁ ፔርሙሱን ሙሉ። ሌላውን ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠርሙስ አስገቡ። የሚንፎለፎል ውሃ ደጋ ላይ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። በየሰዓቱ «ትንሽ ሙቅ ውሃ» የሚል እንግዳ ለእያንዳንዷ «ትንሽ» ኩበትና ጭራሮ ያስነድዳል። ውሃ ማከሚያ ከተጠቀማችሁ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ የደፈረሰ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ በነጠላ ይጠለል፣ አለዚያ መድኃኒቱ ጭቃው ላይ ያልቃል።

ሽንት ቤት፦ «ውጭ ደርሼ ልምጣ» ይባላል። ሴትን ሴት ታሳያለች፣ ወንድን ወንድ። ጉድጓድ ካለ ወለሉ የተረበረበ እንጨት ነው፣ ከመርገጣችሁ በፊት በእግር ፈትኑት። ከሌለ የተለመደው ቦታ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ከምንጭ በላይ እንዳይሆን። ሶፍቱን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ከመተኛታችሁ በፊት፣ ውሻው ሳይፈታና ጅብ ሳይወርድ፣ አንድ ጊዜ ውጡ። ሌሊት የግድ ከሆነ ሰው ቀስቅሱ፤ ለዚህ ማንም አይቀየምም።

መኝታ

የደጋ ጎጆ ውስጥ ጥጃና ፍየል በአንድ ጥግ ያድራሉ። ሙቀቱ ከእነሱ ነው፣ ቁንጫውም ከእነሱ ነው። ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ቁርበት ከተነጠፈ እዚያ ላይ ቦርሳ አታስቀምጡ፣ ችንካር ላይ ስቀሉት። ከመደብ ላይ አጎዛውን አንሡ ማለት ያስከፋል፣ እናንተ ግን ስፖንጁን ከላዩ ዘርግታችሁ በአንሶላው ከረጢት ውስጥ ግቡ፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ከውጭ የምትመጡ 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን ያለበትን የልብስ መርጫ ይዛችሁ ስሊፒንግ ባጉን ከሁለት ቀን በፊት ውጭ ላይ ረጭታችሁ አድርቁት፤ ከዚህ የሚሻል የለም። ቤቱ ውስጥ ግን ምንም አትርጩ፤ እህሉም ቅቤውም እዚያው ነው።

ጭሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሲነድ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። «መስኮት ለምን አታወጡም?» የሚል ምክር ይቅርባችሁ፤ ጭሱ ጣራውን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል፣ ለእማወራዋ ዓይን ጉዳት መሆኑንም እሷ ታውቀዋለች። አደገኛው ጭስ የሌለው ነው። ብርድ አለ ብለው የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢያስገቡላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አስወጡት። ጭስ የሌለው ፍም ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ኮፍያ አድርጋችሁ ተኙ።

የማይባሉ ነገሮች

ከብት አይቆጠርም። «ስንት ላም አላችሁ?» ማለት ግማሹ ዓይን መጣል፣ ግማሹ የግብር ሰብሳቢ ጥያቄ ነው። የመሬት ስፋትም እንዲሁ። ሕፃን ሲታይ «እንዴት ያምራል!» ብቻ ብሎ ማቆም አይገባም፤ «እግዜር ያሳድገው» ወይም «ማሻአላህ» ይከተለው። የሚናጥ ቅቤና የሚታለብ ላም ላይ ዓይን አታሳርፉ፣ ፎቶም አታንሡ። ሌላውን ፎቶ ከሁለተኛው ቀን ጀምራችሁ አንሡ፣ ጠይቃችሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ካሜራ ያወጣ ሰው እስኪሄድ ድረስ ባለካሜራ ነው።

አውድማ ላይ ሰው ሲወቃ ካገኛችሁ «ይበርክት» ብላችሁ ግቡ። እየበሉ ያሉ ሰዎች «እንብላ» ካሏችሁ «ይባረክ»።

ስንብትና ገንዘብ

ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ማረፊያ ከሆነ ለማኅበሩ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ነገሩ አለቀ። የሰው ቤት ሲሆን «ስንት ልክፈል?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ መልሱ «ምን በወጣን!» ነው። መጠኑን ራሳችሁ ወስኑ፦ በአቅራቢያው ከተማ ያለ ተራ ሆቴል የአንድ ሌሊት አልጋ ስንት ነው? በዚያው ከተማ የሦስት ጊዜ ምግብስ? ደምሩና በሰውና በሌሊት አባዙ፤ ከዚያ በታች አትስጡ። በጣምም አትለፉ፤ የመጀመሪያው እንግዳ ያበላሸው ዋጋ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

አሰጣጡ፦ የመጨረሻው ጠዋት፣ ከቡና በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ። ብሩን አጥፋችሁ፣ በሁለት እጅ፣ በእማወራዋ እጅ። «ለቡና መግዣ ናት» ወይም «ለልጆቹ ደብተር» በሉ። ሁለቴ ትመልሰዋለች፣ በሦስተኛው ትቀበላለች። ወዲያው ለአባወራው «ለእመቤት ለቡና ብለን ትንሽ ነገር ሰጥተናል» ብላችሁ አሰሙት፤ ያልሰማው ገንዘብ በኋላ ጥያቄ ያስነሣባታል፣ በእሱ እጅ የገባው ደግሞ ዘይትና ሳሙና ስለመሆኑ ዋስትና የለም። በቴሌብር ልላክ ማለት ኔትወርክ በሌለበት ቀልድ ነው፣ ባለበትም ስልኩ የአባወራው ነው።

ከቤት ስትወጡ የሚያስተናብር ሰው እስከ መንገዱ ይሸኛችኋል። ምርቃቱ እስኪያልቅ ቁሙ፣ «አሜን» በሉ።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ልብሱንና ከረጢቱን እዚያው ላስቲክ ውስጥ ቋጥሩ፣ ቤት ስትደርሱ ሳትዘረጉት በ60 ዲግሪ እጠቡት ወይም ቀቅሉት፣ የማይታጠበውን ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አስጡት። የደረሳችሁ ዕለት ደውላችሁ «በሰላም ገብተናል» በሉ፤ ካልደወላችሁ ይጨነቃሉ። ፎቶ ቃል የገባችሁ እንደሆነ አሳጥባችሁ በገበያ ቀን በሚወጣ ሾፌር ላኩ። በስልክ የተላከ ፎቶ የሚታየው ስማርት ስልክ ባለው ጎረቤት ቤት ነው።

በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ፣ በተለይ ለቅቆ ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ፣ ለሐኪሙ ገጠር ቤት ማደራችሁንና ቅማል ወይም ቁንጫ እንደነበረ ንገሩት፤ ግርሻም ተስቦም በዚያ መንገድ ይመጣሉ። ቆላ ከነበራችሁ የወባ ምርመራ አስቀድሞ ይደረግ። ሆድ መነፋትና እንደ በሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ግሳት ከሆነ ጃርዲያ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ሰገራ አስመርምሩ፣ ከመድኃኒት ቤት በግምት የተሰጠ ክኒን አትዋጡ።